በረዶ የዘራቸው ድንጋዮች

በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ምድር፣ በሚኒሶታና በአዮዋ፣ በዊስኮንሲንና በሚቺጋን የሚኖር ገበሬ፣ የብርዱ ወራት አልፎ የረጋው አፈር በተፈታ ጊዜ፣ በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ከመዝራቱ አስቀድሞ የሚፈጽመው አንድ የቆየ ግዴታ አለው፤ ይኸውም ድንጋይ መልቀም ነው። አያቱ ለቅሞ ያጠራው፣ አባቱም ደግሞ ለቅሞ ያጠራው እርሻ ለእርሱ ተራ በደረሰው ጊዜ፣ አምና ያልነበረ ድንጋይ ከማረሻው ፊት ተደቅኖ ይጠብቀዋል። በቀድሞው ዘመን በፈረስ በሚጎተትና መንኰራኵር በሌለው የሳንቃ መጫኛ፣ ዛሬም ለዚሁ ሥራ በተሠራ መኪና ወደ እርሻው ዳር እያወጣ ይከምረዋል፤ በሚመጣው ዓመት ግን ምድሪቱ ሌላ ታበቅልለታለች።

ነገሩ ለሰሚው ተረት ቢመስልም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቅዝቃዜ ከላይ ወደ ታች እየሰረገ ሲወርድ፣ ድንጋይ ከአፈር ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ በሥሩ ያለው እርጥበት ከአካባቢው ቀድሞ ይረጋል፤ ውኃም በረዶ ሲሆን ይዘቱ ከመቶ 9 እጅ ያህል ከመጨመሩ በላይ፣ ከታች ያለውን እርጥበት ወደ ራሱ እየሳበ ስለሚወፍር፣ ድንጋዩን ጥቂት ወደ ላይ ያነሣዋል። በረዶው በቀለጠ ጊዜም ከጎን የሚናደው ደቃቅ አፈር ከድንጋዩ ቀድሞ ባዶውን ስፍራ ስለሚሞላው፣ ድንጋዩ ወደ ነበረበት መመለስ አይችልም። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ ኖሮ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ብርሃን ያያል።

ይህ ግን ድንጋዩ ከአፈሩ እንደ ምን እንደ ወጣ ይነግረናል እንጂ፣ ወደ አፈሩ እንደ ምን እንደ ገባ አይነግረንም። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የነበሩ ብዙ ሊቃውንት፣ ከተራራው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወገኑ በሌለበት ሜዳ ተጥሎ የሚታየውን ቋጥኝ፣ በኖኅ ዘመን የመጣው ማየ አይኅ አንከባሎ ያመጣው ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ቄስ ዊልያም በክላንድም በ1823 ባሳተመው መጽሐፍ ዋሻዎችንና የጠጠር ክምችቶችን ለዚሁ አሳብ ምስክር አድርጎ አቅርቧቸዋል። በረዶ ሲሄድ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ቤት የሚያህል ዐለት የሚያንቀሳቅስ ኃይል ከውኃ በቀር ሊታሰበው አለመቻሉ የሚያስነቅፈው አይመስለኝም።

በረዶ ሲሄድ የሚያዩት ግን በተራራው ላይ የሚኖሩት ነበሩ። በስዊስ አገር በባኝ ሸለቆ የሚኖር ዣን ፒየር ፔሮደን የተባለ የተራራ ፍየል አዳኝ፣ ዛሬ በከፍታው ላይ ብቻ የቀረው የበረዶ ግግር ቀድሞ ሸለቆውን ሞልቶ ይወርድ እንደ ነበር፣ በዐለቱ ላይ ካለው ፍቀትና ከተጣሉት ቋጥኞች ተረድቶ፣ በ1815 ለማዕድን ሹሙ ለዣን ደ ሻርፓንቲየ አጫወተው። ሻርፓንቲየ በዚያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቅዠት ቆጠረው፤ ኢግናስ ቬኔትዝ የተባለው መሐንዲስ ግን አሳቡን ተቀብሎ ስለ መረመረው፣ ኋላ ሻርፓንቲየም አመነ፤ በ1836 ደግሞ ሊከራከረው የመጣው ወጣቱ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ተረትቶ ተመለሰ። አጋሲ በ1837 በኖይሻቴል ከተማ ለተሰበሰቡት ሊቃውንት ስለ ታላቁ የበረዶ ዘመን ንግግር አደረገ፣ በ1840ም መጽሐፉን አሳተመ፣ በዚያው ዓመት ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በክላንድን ራሱን ከጥፋት ውኃው ትምህርት ወደ በረዶው ትምህርት መለሰው። የመማሪያ መጻሕፍት ክብሩን ለአጋሲ ብቻ መስጠታቸው ግን ፍትሕ አይደለም፤ በዐለቱ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ያነበበው ፊደል የቈጠረው ፕሮፌሰር ሳይሆን ፍየል አዳኙ ነበርና።

በአሜሪካ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ይህንኑ የመሰለ፣ በስፋቱ ግን ወደር የሌለው ነው። ሎረንታይድ የተባለው የበረዶ ግግር ከዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት አብዛኛውን የካናዳን ምድርና የአሜሪካን ሰሜናዊ አውራጃዎች ሸፍኖ፣ በመካከሉም 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወፍሮ ነበር፤ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ ወደ ደቡብ ሲወርድም ከሥሩ ያለውን ዐለት እየነቀለ፣ የነቀለውን እየጎተተ፣ በጎተተውም ሌላውን ዐለት እየፋቀና እየፈጨ ሄደ። ውኃ ሸክሙን ሲያወርድ ከባዱን አስቀድሞ ቀላሉን አስከትሎ በየወገኑ ይለየዋል፤ በረዶ ግን ሲቀልጥ ቋጥኙን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውንና እንደ ዱቄት የላመውን የድንጋይ ብናኝ አንድ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ እንግዲህ በዚህ ባልተለየ ድብልቅ ነው ሊቃውንት ማየ አይኅን ከነገሩ ውጭ ያደረጉት። ገበሬውን በድንጋይ የሚያደክመው ይኸው ድብልቅ፣ በልዩ ልዩ ማዕድን የበለጸገ ብናኝ ስላለበት፣ ከዓለም ለም መሬቶች አንዱን እንዳስገኘለት ሳይጠቅሱ ማለፍ ደግሞ አይገባም።

ዊስኮንሲን ከሚኒሶታ፣ ከአዮዋና ከኢሊኖይ ጋር በሚዋሰንበት ማዕዘን፣ ግግሩ በዙሪያው እያለፈ ሳይረግጠው የቀረ ምድር አለ፤ ገደሉ ጠሊቅ፣ ሸለቆው ጠባብ፣ በመሬቱም ላይ የሚገኘው ድንጋይ ከሥሩ ካለው ዐለት የተፈነቀለ ነው። ከዚህ ወጥቶ ግግሩ ወደ ረገጠው እርሻ የተሻገረ ሰው፣ አፈሩ ከኖራ ድንጋይ በላይ ተነጥፎ ሳለ ቀይ ግራናይት፣ ጥቁር ባዛልት፣ ነጭ ኳርትዛይት ጎን ለጎን ተጥለው ሲያይ፣ የድንጋይ አደንን፣ ማለትም ድንጋይ እየፈለጉ የመሰብሰብን፣ የመጀመሪያ ሕግ በዓይኑ ይማራል፦ በዚህ ምድር የተገኘ ድንጋይ በእግሩ ሥር ላለው ዐለት ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በሌላ አገር ያለ ድንጋይ አዳኝ “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠግብ፣ የዚህ አገር አዳኝ ግን “ይህ የማን ወገን ነው? ከየት ተነሥቶ መጣ?” ብሎ የትውልድ ሐረጉን ካልቈጠረ ሥራው አልተጀመረም።

በዚህ ረገድ ድንጋዮቹ እኩል አይደሉም። በአንድ እርሻ ላይ ካለው ጠጠር አብዛኛው ከቅርብ የተነቀለ ነው፤ መንገዱ በረዘመ መጠን የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል፤ ለስላሳው የኖራ ድንጋይና ሸክላማው ዐለት በጥቂት ጉዞ ሲፈጩ፣ ከሩቅ በሕይወት የሚደርሱት ኳርትዛይት፣ ባዛልትና የመሳሰሉት ጠንካሮች ናቸው። ከእነዚህም መካከል የትውልድ ስፍራቸው የማይሸሸግ አንዳንዶች አሉ። በነጭ ኳርትዛይት ውስጥ ቀይ የኢያሰጲድ ጠጠሮች የተሰገሰጉበት ድንጋይ በሚቺጋን ወይም በኦሃዮ፣ አልፎም በኬንታኪ ሲገኝ፣ በካናዳ ከሂዩረን ሐይቅ በስተ ሰሜን በብሩስ ማይንስ ከተማ አካባቢ ካለው ዐለት መነቀሉ አያጠራጥርም። እንዲሁም ጥቁር ግራጫ ሆኖ በላዩ በልክ እንደ ተቦረቦረ ክብ ጉድጓድ ያለበት፣ አዳኞች ኦማር ብለው የሚጠሩት ድንጋይ፣ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ካሉት የቤልቸር ደሴቶች ወገን ነው፤ ጉድጓዱ የሰው ሥራ የሚመስለው ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ፣ በውስጡ የነበረው ኖራማ እንክብል በውኃ ተበልቶ የተወው ባዶ ስፍራ ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው፣ መልኩ እንኳ ዓይን የማይስበውን ጎውጋንዳ የሚባለውን የኦንታሪዮ ድንጋይ ነው። ግራጫ በሆነ ደቃቅ ጭቃ ውስጥ ግራናይትና ሌላ ልዩ ልዩ ጠጠር ያለ ሥርዐት ተበትኖበት ይታያል፤ ይህም ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት የነበረ ሌላ የበረዶ ግግር የጣለው ድብልቅ፣ በአዝማናት ብዛት ዐለት ሆኖ የጸና ነው። ያን ዐለት የኋለኛው ግግር ነቅሎ ወደ ሚቺጋን እርሻ ሲያወርደው፣ በረዶ የበረዶን ሥራ ሁለተኛ ተሸከመው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ወደ ካናዳ መሄድ የማይሆንለት የአገራችን አንባቢ ቢኖር፣ በትግራይ በእዳጋ ዓርቢ አካባቢ፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኢትዮጵያ ያለችበት የምድር ክፍል ከደቡብ ዋልታ ሳይርቅ በነበረበት ዘመን ግግር የተወው ድብልቅ፣ የተፋቁ ጠጠሮቹንና እንግዳ ቋጥኞቹን እንደ ያዘ ይገኛል፤ ይህም በ1971 በታተመ ጥናት ለዓለም ሊቃውንት ተገልጧል። ከዚያ በጣም በቀረበው ዘመን፣ ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የባሌ ተራሮች ራሳቸው ግግር ተሸክመው ነበር።

አብዛኛው ሰው ወደ እርሻ የሚወርደው ግን ስለ ጎውጋንዳ ሳይሆን ስለ አጌት ነው። ይህ ድንጋይ በዮሐንስ ራእይ ከሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች እንደ አንዱ የተጠቀሰው የኬልቄዶን ወገን ሲሆን፣ ልደቱ ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ዛሬ የሱፔሪየር ሐይቅ ያለበት ምድር ተሰንጥቆ ብዙ ቅልጥ ዐለት ፈሰሰ፣ በቀዘቀዘውም ባዛልት ውስጥ ጋዝ የተዋቸው ባዶ ስፍራዎች ሲሊካ ባዘለ ውኃ ቀስ በቀስ ተሞሉ፤ እንደ ሸማ ጥለት ተደራርበው የሚታዩት መስመሮች የዚያ አሞላል ውጤት ሲሆኑ፣ ቀዩንና ብርቱካኑን ቀለም የሰጣቸው ብረት ነው። ባዛልቱ በዘመን ብዛት ሲፈርስ እነርሱ ጠንክረው ቀሩ፤ ግግሩም ሰብስቦ በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በአዮዋ ላይ በተናቸው። ሚኒሶታ በ1969 የግዛትዋ የከበረ ድንጋይ አድርጋ በሕግ ሰይማዋለች። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በየደጃቸው በተነጠፈው ጠጠር ውስጥ ይህን ድንጋይ ሳያውቁት ይረግጡታል፤ ጠጠሩ የሚወጣው ግግሩ ከተወው ከዚያው ካባ ነውና።

በሱቅ መስኰት የሚታየው የተወለወለ አጌት ለአዳኙ ክፉ መምህር ነው፤ በእርሻ ላይ የሚገኘው ላዩ የደበዘዘ፣ ዝገት የለበሰ፣ አንዳንዴም በትንንሽ ጉድጓድ የተበሳሳ ነውና። የሚታወቅበት ዋናው ምልክት ብርሃን ማሳለፉ ነው፤ ስለዚህም ልምድ ያላቸው ሰዎች ዝናብ አፈሩን ካጠበው በኋላ፣ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ወይም ወጥታ ገና ከፍ ባላለች ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰው በትልሙ መካከል ዝግ ብለው ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ከውስጥ የበራ ያስመስለዋል። ኢያሰጲድ ቀለሙ ቢያምርም ብርሃን አያሳልፍም፤ የኖራ ድንጋይ በቢላዋ ይፋቃል፣ አጌት ግን ቢላዋውን ንቆ መስተዋት ይቧጥጣል። ከዚያው ከሱፔሪየር ዳርቻ፣ ከኪዊናው ልሳነ ምድር የተነቀለ ያልቀለጠ ንጹሕ መዳብም በእርሻ ላይ ይገኛል፤ አረንጓዴ ዝገቱና ከመጠኑ የሚበልጠው ክብደቱ ስለሚያሳብቁበት ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ቅሪተ አካልን በተመለከተ በዚህ ምድር ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ወገኖች ይገኛሉ፤ ሁለቱን መቀላቀልም የጀማሪዎች ሁሉ ፈተና ነው። የመጀመሪያዎቹ ግግሩ ከነዐለታቸው ተሸክሞ ያመጣቸው የጥንት ባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ ቀንድ የመሰሉ ኮራሎች፣ ባለ ሁለት ክዳን ቀፎዎች፣ መሐላቸው የተበሳ የክሪኖይድ ግንድ ክቦች። ከእነዚህ ዝነኛው በሚቺጋን የሚገኘው ፔቶስኪ ነው፤ ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በሞቀ ባሕር ይኖር የነበረ ኮራል ሲሆን፣ ደረቅ ሳለ ተራ ግራጫ ድንጋይ ይመስላል፣ ውኃ ሲነካው ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶቹ ጎልተው ይወጣሉ። ሚቺጋን በ1965 የግዛትዋ ድንጋይ አድርጋዋለች፤ ከመንግሥት መሬት በዓመት ከ25 ፓውንድ በላይ መውሰድም በሕግ ይከለከላል። የኖራ ድንጋይ ለስላሳ መሆኑን ያስታወሰ አዳኝ ከዚህ ሌላም ጥቅም ያገኛል፤ ዝርዝሩ ያልተፋቀ ቅሪተ አካል ባገኘ ጊዜ፣ የተነቀለበት ዐለት ከዚያ እርሻ ብዙ እንደማይርቅ መገመት ይችላል።

ሁለተኞቹ ግግሩ ያመጣቸው ሳይሆኑ ግግሩ ሲያፈገፍግ ተከትለውት የመጡት አራዊት ናቸው፤ የቀረው የበረዶ ቁራጭ በቀለጠበት ጉድጓድ ረግረግ ተፈጥሮ፣ በዚያ የወደቁት ማሞትና ማስቶዶን አጥንታቸው ሳይበሰብስ ተጠበቀ። ጥርሳቸው ይለያቸዋል፤ የማሞት ጥርስ ሣር ለመፍጨት የተሠራ፣ በተደረደሩ ሸንተረሮች የተሸፈነ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የማስቶዶን ግን ቅርንጫፍ ለመሰባበር የሚሆኑ ጉብታዎች አሉት። በ2015 መከር በሚቺጋን በቼልሲ ከተማ አጠገብ አንድ ገበሬ ከእርሻው ውኃ የሚያጠፋ ቧንቧ ለመቅበር ሲቈፍር፣ የጎበጠ የአጥር እንጨት የመሰለው ነገር የማሞት የጎድን አጥንት ሆኖ ተገኘ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፊሸር ከረዳቶቹ ጋር መጥቶ፣ ገበሬው ለሥራው ሊለቅለት በቻለው አንድ ቀን ብቻ፣ የራስ ቅሉን ከነጥርሶቹና ሌሎችንም አጥንቶች አወጣ፤ በአጠገቡ ከተገኙት ነገሮች ተነሥቶም የጥንት ሰዎች ሥጋውን በኩሬ ውስጥ አኑረውት ይሆናል የሚል አሳብ አቀረበ። እኔን ከማሞቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ገበሬው ነው፤ መከር ከፊቱ ቆሞ ሳለ መኪናውን አቁሞ ሊቅ መጥራቱና አጥንቱን ያለ ዋጋ መስጠቱ በሰው ሁሉ ዘንድ አይገኝም። አጥንት ያገኘ አዳኝ እጁን ሰብስቦ እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል፤ ከጭቃው በችኮላ የወጣ አጥንት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና፣ በአጠገቡ የነበረውም ነገር ሁሉ ምስክርነቱን ያጣል።

እርሻው የሰው ርስት ነው። ደጃፍ አንኳኩቶ፣ ስምን ነግሮ፣ ዘር ያለበትን መሬት እንደማይረግጥ ቃል ገብቶ ፈቃድ መጠየቅ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ሲሆን፣ ገበሬው ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ይፈቅዳል፤ ሊያስወግደው የሚደክምበትን ነገር ሊወስድለት የመጣ እንግዳ ምን ይከብደዋል? የተመቸው ጊዜ ከእርሻ በኋላ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት፣ ወይም ከአጨዳ በኋላ ነው፤ ሳያርሱ መዝራት በተስፋፋባቸው እርሻዎች ግን ምድሩ በገለባ ስለሚሸፈን ይህ ዕድል ጠብቧል። ስለዚህ እርሻውን ትቶ በዳሩ ያለውን ክምር ድንጋይ መመርመር ይሻላል እላለሁ፤ ሦስት ትውልድ የለቀመው አንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሳለ ብቻውን ሊለቅም የሚነሣ ሰው ጥበበኛ አይደለም። ያገኘውንም ሁሉ በየከረጢቱ ለይቶ ስፍራውን ይጻፍበት፤ ስፍራው ያልተጻፈበት ድንጋይ ለጌጥ ይሆናል እንጂ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ለሚደክም ሰው አይረባምና።

ይህ ምክር ከንቱ ጥንቃቄ እንዳይመስል የዊስኮንሲንን አልማዞች ነገር መናገር ያስፈልጋል። በ1876 ኢግል በተባለች መንደር አጠገብ ጕድጓድ ሲቈፈር ከግግሩ ድብልቅ ውስጥ አንድ ቢጫማ ድንጋይ ወጣ፤ የቤቱ እመቤት ለጥቂት ዓመታት ካኖረችው በኋላ በ1883 በሚልዋኪ ከተማ ለአንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ በ1 ዶላር ሸጠችው፤ ሁለቱም ምንነቱን አላወቁም ነበር። ኋላ ሲመረመር 15 ካራት ከሩብ የሚያልፍ አልማዝ ሆነ። ሴትዮዋ ገንዘቡን ልትመልስና ድንጋይዋን ልትወስድ ብትጠይቅ ነጋዴው እምቢ አለ፤ ክርክሩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1885፣ ማታለል እስካልነበረና ሁለቱም ባለማወቅ እኩል እስከ ሆኑ ድረስ ሽያጩ የጸና ነው ተብሎ ተፈረደባት፤ ፍርዱ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል። አልማዙ ግን ከባለጠጋው ከጄ. ፒ. ሞርጋን እጅ ወደ ኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ፣ በ1964ም ከሌሎች ዕንቊዎች ጋር ተሰርቆ አልተመለሰም።

ሌሎችም አልማዞች በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ከዚያው ድብልቅ እየወጡ ስለ ተገኙ፣ ዊልያም ኸርበርት ሆብዝ የተባለው የዊስኮንሲን ሊቅ በ1899 የተገኙበትን ስፍራ ሁሉ ሰብስቦ፣ የግግሩን መንገድ ወደ ኋላ ተከትሎ ምንጩ በካናዳ ምድር መሆን እንዳለበት አስረዳ። ምንጩን ፈልጎ ያገኘ ግን አልነበረም። ዘዴው ፍሬ ያፈራው ከዘጠና ዓመት በኋላ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ቻርልስ ፊፕኪና ስቱዋርት ብላሰን የተባሉ ሁለት ካናዳውያን አልማዙን ራሱን ሳይሆን ከአልማዝ ጋር አብረው የሚወለዱትን ደቃቅ ማዕድናት፣ ከሁሉም ይልቅ ልዩ የሆነውን ጋርኔት፣ ከግግሩ አፈር በከረጢት እየሰበሰቡና ስፍራውን እየመዘገቡ፣ ቅንጣቱ እየበዛ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በብዙ ዓመታት ድካም ተጓዙ፤ በላክ ደ ግራ ሐይቅ አጠገብም በ1991 አልማዝ ያዘለውን ዐለት ማግኘታቸው ታወቀ፤ ኤካቲ የተባለው የካናዳ የመጀመሪያው የአልማዝ ማውጫ በ1998 በዚያ ተከፈተ። የኢግል አልማዝ ግን የዚያ ወገን አይደለም፤ ግግሩ ከላክ ደ ግራ የሄደበት መንገድ ዊስኮንሲንን አይነካም። በሚቺጋን ሰሜናዊ ልሳነ ምድር አልማዝ ሊያዝሉ የሚችሉ የዐለት ቱቦዎች ተገኝተዋል፤ ነገር ግን በእርሻው ላይ ለተበተኑት ድንጋዮች ምንጭ መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ሆብዝ በ1899 የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃል።